የ400 ዶላር የመብራት ገመድ ድምፅ ያሳምራል? ወይስ ጆሮዬ ነው?

ሸክላ ወዳጅ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ለረጅም ጊዜ አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ ዛሬ ግን ካልጠየቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ለእረፍት መጥቶ ነበር። የሙዚቃ ዕቃ በሽተኛ ነው። ለኔ ያመጣልኝ ስጦታ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የመብራት ገመድ! የስፒከር እንዳይመስላችሁ። ከግድግዳው ሶኬት ወደ አምፑ (ድምፅ ማጉያው) የሚሄደውን ነው የምለው። ውፍረቱ የውሃ ጎማ ያክላል። ጥቁር ጥልፍልፍ ለብሷል፣ ጫፉ ወርቅ ቅብ ነው። እሱ ተጠቅሞበታል፣ ሲገዛው ግን 400 ዶላር ነበር። ባለቤቴ ዋጋውን ስትሰማ ሁለት ቀን አላናገረችውም።

ዕቃዬ ይሄ ነው። አገሩ ከተመለሰ ፈረንጅ የገዛሁት እንግሊዝ ሠራሽ አምፕ (የኋላው መሰኪያ ሦስት ጥርስ)፣ ሁለት ስፒከር፣ አባቴ የተወልኝ ሸክላ ማጫወቻና ስድሳ የሚሆኑ ሸክላዎች። ቴሌቪዥኑም በሪሲቨሩ በኩል እዚያው አምፕ ላይ ነው የሚጮኸው።

አሁን ወደ ነገሬ። ድሮ በዘፈንና በዘፈን መካከል "እምምም" የምትል ጉርምርምታ ነበረችብኝ። አዲሱን ገመድ ስሰካ ጠፋች። ጭጭ! የጥላሁን ድምፅ ከጨለማ ውስጥ ብቻውን የሚወጣ ነው የሚመስለው። እየሳቅኩ ነበር የሰካሁት፣ አሁን ግን ሳቁ ቀርቷል።

ኢንጂነር ጓደኛዬ "ሽቦ ሽቦ ነው፣ ተው አትጃጃል" ይለኛል። ማን ነው ልክ?

ቆርቆሮ ጣሪያ (አዳማ)

መብራቱ ከግድቡ ተነስቶ ስንት መቶ ኪሎ ሜትር በአሉሚኒየም ሽቦ መጣ። የሰፈራችሁን ትራንስፎርመር አለፈ። እንጨት ምሰሶ ላይ ተጠማዞ፣ በቆጣሪህ በኩል ገባ። የመጨረሻዋ ሜትር ተኩል ላይ ሲደርስ ወርቅ ለበሰ። ከጎጃም በባዶ እግሩ መጥቶ ሳሎን በር ላይ ጫማ እንዳደረገ ሰው ነው።

ጸጥታ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ይህቺ የኪሎ ሜትር ቀልድ ሰለቸችን ወንድም። እኛ የመጨረሻዋ ሜትር ነች አላልንም። ከአምፑ በኩል ቆመህ ስታያት የመጀመሪያዋ ሜትር ነች። ቤትህ ውስጥ የስልክ ቻርጀር አለ፣ ፍሪጅ አለ፣ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል አለ። ሁሉም መስመሩ ላይ ቆሻሻ ይለቃል። ጥሩ ገመድ መከለያ አለው፣ ያንን ይቀንሳል። እኔ 11 ዓመት ገመድ ስቀያይር ኖሬያለሁ። ጆሮዬ ሰምቷል።

ሸክላ ወዳጅ፣ አንተም ሰምተሃል። ማንም እንዳያሳፍርህ።

ጋሽ ብየዳ (አዲስ አበባ)

ልጆች፣ እኔ ከ30 ዓመት በላይ ሬዲዮና ቴፕ፣ ኋላም አምፕ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ጆሮ አልከራከርም። ስለ ሽቦው ግን ትንሽ ልበል።

አምፑ የግድግዳውን መብራት እንዳለ ወደ ስፒከር አይልከውም። መጀመሪያ ትራንስፎርመሩ ይቀንሰዋል። ዳዮዶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞሩታል። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ያጠራቅሙታል። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ካፓሲተሮቹ በሰከንድ 100 ጊዜ ይሞላሉ። ሙዚቃው የሚቀዳው ከዚያ ነው። ጣሪያችሁ ላይ ሮቶ አለ አይደል? ሻወር ስትወስዱ ውሃው የሚመጣው ከሮቶው ነው፣ በቀጥታ ከመንገዱ ቧንቧ አይደለም። የመንገዱ ቧንቧ ላይ ወርቅ ብትቀቡ ሻወሩ አያውቀውም።

ቁጥርም ልስጣችሁ። ተራ ገመድ ነው እንበል፣ 0.75 ስኩዌር ሚሊ ሜትር መዳብ፣ ርዝመቱ ሜትር ተኩል። ሄዶ ሲመለስ 3 ሜትር ነው። ሬዚስታንሱ 0.07 ኦም አካባቢ ይመጣል። አምፑ 220 ዋት ቢስብ 1 አምፔር ነው። ገመዱ ላይ የሚቀረው 0.07 ቮልት ነው ማለት ነው። ከ220 ላይ! የመዳቡን ስኩዌር ሚሊ ሜትር እጥፍ ብታደርጉት ይቺ 0.07 ቮልት ወደ ግማሽ ትወርዳለች። ከዚህ በላይ የሚመጣ ተአምር የለም።

ስለዚህ "ድምፁ ሰፋ፣ ባሱ ጠለቀ" ብትለኝ ኖሮ ስቄ አልፍ ነበር። አንተ ያልከው ግን ሌላ ነው። ጉርምርምታ ጠፋ ነው ያልከው። ጉርምርምታ የጆሮ ስሜት አይደለም፣ ምክንያት አለው። ሦስት ነገር መልስልኝ። አንደኛ፣ ገመዱ ከአሜሪካ ከመጣ ግድግዳው ላይ በምን ሰካኸው? ሁለተኛ፣ ሪሲቨሩ ዲሽ አለው? ዲሹስ የት ቆሟል? ሦስተኛ፣ አዲሱን ገመድ ከሰካህ ወዲህ ዕቃው ነዝሮህ ያውቃል?

ሸክላ ወዳጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን።

1ኛ፦ ወንዱ ሶኬት የአሜሪካ ነው፣ ሁለት ጠፍጣፋና አንድ ድቡልቡል። ከመርካቶ የተገዛች ነጭ አዳፕተር ነበረችኝ፣ በሷ ነው የሰካሁት። የድሮው ገመድ ግን ጎንና ጎኑ ላይ ብረት ያለው የኛው ሶኬት ነው፣ በቀጥታ ይገባል።

2ኛ፦ አዎ፣ ዲሹ ግቢ ውስጥ መሬት በተተከለ ብረት ላይ ነው የቆመው።

3ኛውን እንዴት አወቁት? ትናንት የሪሲቨሩን ገመድ ከአምፑ ነቅዬ አቧራ ስጠርግ እጄን ነዘር አደረገኝ። ባዶ እግሬን ስለነበርኩ ነው ብዬ ተውኩት።

ጋሽ ብየዳ

ልጄ፣ መጀመሪያ ገመዱን ንቀለው፣ ከዚያ ቀጥለህ አንብብ።

ነቀልክ? ጥሩ።

አዳፕተሯን አገላብጠህ እያት። የአሜሪካው ሦስተኛ ጥርስ ይገባባታል። ከኋላ የሚወጡት ግን ሁለት ድቡልቡል ጥርሶች ብቻ ናቸው፣ ጎኗ ላይ ብረት የለም። አይደለም? ስለዚህ ሦስተኛው ጥርስ የገባው ባዶ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ኧርዙ (የዕቃውን ብረት ገላ ከመሬት ጋር የሚያገናኘው መስመር) ተቆርጧል።

ጉርምርምታው ከየት መጣ? አምፕህ በሶኬቱ በኩል ኧርዝ ነበረው። ሪሲቨሩ ደግሞ በዲሹ ገመድ መከለያ በኩል መሬት ከተተከለው ብረት ጋር ተገናኝቷል። ሁለቱን ዕቃ የድምፅ ገመዱ ያያይዛቸዋል። ክብ ቀለበት ሆነ! ሁለቱ መሬቶች ደግሞ እኩል አይደሉም። ትንሽ ቮልት ልዩነት ይኖራቸዋል። ያ ልዩነት በድምፅ ገመዱ መከለያ ላይ ሲዞር አምፑ ሙዚቃ መስሎት ያጎላዋል። "እምምም" ያልካት እሷ ነች፣ 50 ኸርዝ። አዳፕተሯ ኧርዙን ስትቆርጠው ቀለበቱ ተከፈተ፣ ዝም አለ። 400 ዶላሩ የለበትም። ሥራውን የሠራችው ነጯ አዳፕተር ነች።

ይገርምሃል፣ ጉርምርምታህ የቤትህ ኧርዝ እንደሚሠራ ምስክር ነበረች። ኧርዝ የሌለው ቤት ውስጥ ይቺ ቀለበት አትፈጠርም።

አሁን ግን የአምፑ ብረት ገላ መሬት ያገኘው በቀጭኗ የድምፅ ገመድ ብቻ ነው። እሷን ስትነቅል ገላው ተንጠለጠለ፣ ቀሪውን መንገድ አንተ ሆንክ። የነዘረህ ትንሽ የምታፈተልክ ከረንት ነች፣ እሷስ አትገድልም። ነገር ግን አንድ ቀን ውስጡ ያለው ፌዝ (220 የተሸከመው ሽቦ) ተላጦ ገላውን ቢነካ፣ ብሬከሩን የሚያስዘልል መንገድ የለም። ገላው 220 ተሸክሞ ይጠብቅሃል። እኔ ይሄን ቀልድ አልወድም።

ካላመንክ እንዲህ አድርግ። አሮጌውን ገመድ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ስካ። ጉርምርምታው ይመለሳል። ከዚያ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ጀርባ ፍታው። ምን እንደሆነ ጻፍልኝ።

ቆርቆሮ ጣሪያ

ቀልዴን አንስቻለሁ። ይቺ ከቀልድ በላይ ነች።

ሸክላ ወዳጅ

ጋሼ፣ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ነው የምጽፈው።

አሮጌው ገመድ፦ "እምምም" ተመለሰች። የዲሹን ገመድ ስፈታ፦ ጭጭ! በተራው ገመድ፣ በነጻ። መልሼ ሳስረው መጣች፣ ስፈታው ሄደች። ባለቤቴ "በቃ ገባን" እስክትል ስድስት ጊዜ ደጋገምኩት።

ታዲያ ቴሌቪዥን ማየት ልተው?

ስቱዲዮ ጥግ (አዲስ አበባ)

ቴሌቪዥኑን አትተው። ሪሲቨርህ ኦፕቲካል መውጫ ካለው በሱ አውጣው። ብርሃን ነው የሚያልፈው፣ ብረት ስለሌለው ቀለበት አይሠራም። አምፕህ የቆየ ከሆነ መሃል ላይ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ትፈልጋለህ። ካልሆነም የድምፅ ገመዱ መሃል የሚገባ ትንሽ የኦዲዮ ትራንስፎርመር አለ። የመኪና ቴፕ የሚገጥሙ ልጆች ጋ ታገኘዋለህ፣ ለነሱ የዕለት ተዕለት ዕቃ ነው። ጥልቁን ባስ ትንሽ ሊነካብህ ይችላል፣ ለቴሌቪዥን ግን ምን ቸገረህ።

እኛ ስቱዲዮ ውስጥ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ መስመር የምናበላው ለዚሁ ነው። ኧርዝ የሚቆርጥ ሰው ካገኘሁ ግን ሻይ እንኳን አላፈላለትም።

ልጅ ያሬድ ሰፈር (ሐዋሳ)

እኔ ደነገጥኩ። የኔ አምፕ ከፋብሪካ ሲመጣ ሁለት ጥርስ ብቻ ነው። እኔም ተንጠልጥያለሁ ማለት ነው?

ስቱዲዮ ጥግ

ከኋላው ካሬ ውስጥ ካሬ ያለበት ምልክት ፈልግ። ካለ ድርብ መከላከያ ኖሮት የተሠራ ነው፣ ኧርዝ አይፈልግም። ተረጋጋ። ችግሩ ሦስት ጥርስ ሆኖ ተሠርቶ አንዱ ሲሰበርበት ነው።

ጸጥታ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እውነት ለመናገር አዳፕተሩ አልታሰበኝም። ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። ነገር ግን ይሄ የሚያሳየው የሱ ሙከራ የተበላሸ መሆኑን እንጂ ገመዱ ዋጋ ቢስ መሆኑን አይደለም። ሁለቱንም ገመዶች በትክክለኛ ኧርዝ ይስካና ያወዳድር። ያኔ እንነጋገር።

በርሊን ላይ ያለሁ

ያ ሙከራ በሰው አገር ተደርጓል። በ2004 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ያሉ የሙዚቃ ዕቃ ወዳጆች ተሰብስበው ውዱን የመብራት ገመድ ከተራው ጋር ዓይን በማያይበት ሁኔታ አወዳደሩ። ገመዱ እንደ ያንተ የ400 አልነበረም፣ በሺህ የሚቆጠር ነው። በድምሩ 149 መልስ ተሰጠ። ትክክል የሆነው 73 ነው። ግማሽም አልሞላ። ዘውድና ጎፈር ብትጥል ያንኑ ታገኛለህ። ሰዎቹ ደግሞ ተቃዋሚ አልነበሩም፣ ብዙዎቹ ልዩነት እንሰማለን ብለው የመጡ ናቸው።

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባል የለ? ጆሮም ከልብ ጋር ነው ያለው።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛም እዚህ፣ እናንተም እዚያ የምንጠቀመው ድቡልቡል ሶኬት ገልብጦ መሰካት ይቻላል። ሁለት ጥርስ ያላቸው ዕቃዎች ላይ አንዳንዴ ገልብጦ መሰካት ያችን የምታፈተልክ ከረንት ያሳንሳታል፣ ጉርምርምታም ካለ ሊቀንስ ይችላል። ገንዘብ አይጠይቅም። ገመድ ስትቀይሩ ሳታውቁት ገልብጣችሁት ይሆናል እኮ።

ጸጥታ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እንዲህ ዓይነት ሙከራ ሰውን ያስጨንቃል። ሙዚቃ ፈተና አይደለም። እኔ ልዩነቱን የምሰማው ሳምንት ሁለት ሳምንት ከገመዱ ጋር ኖሬ ነው።

በርሊን ላይ ያለሁ

ኑርበታ! ማን ከለከለህ? ባለቤትህ በየሁለት ሳምንቱ ሳታይ ትቀይርልህ፣ ወይም ሳትቀይር ቀየርኩ ትበልህ። የጊዜ ገደብ የለውም። የሚከለከለው ማየት ብቻ ነው።

ዓይናማ እንጀራ (አዲስ አበባ)

ወንዶች ይቅርታ፣ ቴክኒኩን አላውቅም። ባሌ እንደናንተው ነው። ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። እኔ እንጀራ ስጋግር እሱ ከሳሎን "ዛሬ ድምፁ ሰነፈ" ይላል። ምጣዱን ሳጠፋ "አሁን ተነሳ" ይላል። እኔ ወጥ ቤት መሆኔን እንኳን ሳያውቅ ነው የሚለው። ይሄስ ጆሮው ነው ወይስ ልቡ?

ጋሽ ብየዳ

እሜቴ፣ በዚህ ክር ላይ ካነበብኩት ሁሉ ይሄኛው ነው ያስደሰተኝ። ይሄ እውነት ሊሆን የሚችል ነው።

የመብራት ምጣድ 3 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ይበላል። 15 አምፔር አካባቢ ማለት ነው። የቤቱ ሽቦ ቀጭን ከሆነ ቮልቱ ወዲያው ይወርዳል። በዚያ ላይ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ 220 የነበረው 180 ሲሆን በራሴ ሜትር አይቻለሁ። ብዙ አምፕ ውስጥ ያለው ማጠራቀሚያ ከመስመሩ ጋር አብሮ ይወርዳል። ከፍተኛ ጉልበቱ ደግሞ በቮልቱ ካሬ (ቮልቱ በራሱ ሲባዛ) ስሌት ነው የሚቀንሰው። በ220 ላይ 100 ዋት የሚሰጥ አምፕ በ180 ላይ 67 አካባቢ ይሰጣል። ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚሰማ ሰው ከበሮው ሲመታ ቶሎ ሲሰነጠቅበት ይሰማዋል። በዝግታ ለሚሰማ ግን ለውጥ የለውም።

እና ልጆች፣ እዩት። 40 ቮልት ከመንገድ ጠፍቶብን ስለ 0.07 ቮልት እንጣላለን።

ለሳሎኑ ከብሬከር ሳጥኑ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር ማስጎተት ይረዳል። የሰፈሩን መውረድ ግን አያድንም። ለሱ ስታብላይዘር ነው። ውስጡ ያለው መቀያየሪያ (ሪሌው) "ቋ፣ ቋ" እያለ ሙዚቃ መሃል ቢገባባችሁ አትናደዱ። እሱን የምትገዙት ለድምፅ ሳይሆን መብራት ሄዶ ሲመለስ ዕቃውን እንዳያቃጥል ነው።

ገመድ መቀየር የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ፣ ልንገራችሁ። ገበያ ላይ ላዩ ወፍራም ፕላስቲክ፣ ውስጡ ፀጉር የሚያህል መዳብ የሆነ ገመድ ሞልቷል። ሶኬቱ ከጋለ፣ ከላላ፣ ብልጭ ካለ አሁኑኑ ጣሉት።

ዓይናማ እንጀራ

ጋሼ ያክብሩልኝ። ያንን የ400 ዶላሩን ገመድ ምጣዱ ላይ ብገጥመው እንጀራው ዓይኑ ይበዛለት ይሆን?

ስቱዲዮ ጥግ

😂 የአምፑ ጫፍ መሰኪያ እኮ 10 አምፔር ነው የሚችለው። ምጣዱ ያቀልጠዋል። ዓይኑ የሚበዛው የናንተ ዓይን ነው።

ሸክላ ወዳጅ

ይቅርታ ጠፋሁ። ኤሌክትሪሽያን ፈልጌ የአሜሪካውን ወንድ ሶኬት አስቆርጬ የኛን ባለኧርዝ አስገጠምኩ። ጋሼ በውስጥ መልእክት እንደነገሩኝ አረንጓዴው ኧርዝ፣ ጥቁሩ ፌዝ፣ ነጩ ኒውትራል ነበር። ቆርጦ የጣለው ሶኬት ላይ "125 ቮልት" የሚል ተቀርጿል። ያም ሌላ ጉድ!

ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ሙከራውን አደረግን። ባለቤቴ ሳንቲም ትጥላለች። ዘውድ ከሆነ ውዱ፣ ጎፈር ከሆነ ተራው። እኔ በረንዳ ላይ እቆያለሁ። አምፑን አጥፍታ ትሰካለች፣ አንሶላ ትሸፍንበታለች፣ ትጠራኛለች። ያው ሸክላ፣ ያው ቦታ፣ የድምፁ ቁልፍ አይነካም። 10 ጊዜ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አገኘሁ። ልቤ አበጠ። አራተኛው ላይ "ይሄማ ግልጽ ነው፣ ውዱ ነው" ብዬ ማልኩ። ተራው ነበር። ከዚያ በኋላ እየገመትኩ ነው የቀጠልኩት፣ አልዋሽም። መጨረሻ ላይ 6 ከ10።

ጸጥታ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

6 እኮ ከግማሽ በላይ ነው!

በርሊን ላይ ያለሁ

ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ሳንቲም ቢጥል እንኳ 6 ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ከ100 ውስጥ 38 ነው። 9 ቢያገኝ እኔም ባርኔጣዬን አነሳለሁ፤ እሱ በዕድል የሚመጣው ከ100 አንዴ ነው።

ጸጥታ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እሺ። እኔ ግን የራሴን አልሸጥም። ሳየው ደስ ይለኛል።

ቆርቆሮ ጣሪያ

ይሄ የመጀመሪያው የተስማማንበት ነገር ነው።

ሸክላ ወዳጅ

የአክስቴን ልጅ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ይቀየመኛል ብዬ ነበር፣ ሳቀ። የአዳፕተሩን ነገር ስነግረው ግን ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ፤ እሱም ቤቱ ኧርዝ የሚቆርጥ አዳፕተር ለሌላ ዕቃ ይጠቀም ኖሯል። አሁን ለፋሲካ ሌላ ሰው እየመጣ ነውና ምን ልላክልህ ይለኛል። በሱ ገንዘብ ምን ብጠይቅ ድምፁ የእውነት ይለወጣል?

ጋሽ ብየዳ

መርፌ። የአባትህ ማጫወቻ መርፌ መቼ ነው የተቀየረው?

ሸክላ ወዳጅ

ተቀይሮ አያውቅም ጋሼ።

ጋሽ ብየዳ

ወይ ጉድ! እነዚያን ሸክላዎች በምስማር ስታርሳቸው ከርመሃል ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንድም እንዳታጫውት። ከመርፌው የሚወጣው ምልክት ጥቂት ሚሊ ቮልት ነው፣ መጀመሪያ ገንዘብ የሚፈሰው እዚያ ነው። ደግሞ የማጫወቻውን የድምፅ ገመድ ከመብራት ገመዱ አርቀው፣ መገናኘት ካለባቸው መስቀለኛ አድርገህ አሳልፋቸው። አምፑ ላይ ያለው የሸክላ መግቢያ ባሱን በጣም ስለሚያጎላ ከመብራት ገመድ የሾለከች ጉርምርምታ ካለች እሷንም አብሮ ያጎላታል።

አሁን የካርትሪጁን (መርፌው የተሰካበትን ትንሽ ዕቃ) ስምና ቁጥር ከፊቱ ላይ አንብበህ ጻፍልኝ። ደቃቅ ጽሑፍ ነው፣ ባትሪ ይዘህ እይ።

ሸክላ ወዳጅ

ነገ በቀን ብርሃን አይቼ እጽፋለሁ ጋሼ። አሁን መብራት ሄዷል፣ ስልኬም 4 ፐርሰንት ነው።